ዝናብ፣ ብርቱካን፣ አርባ አራት

የካቲት 3

ከቀብሩ ወዲህ ዛሬ ገና እስክሪብቶ ያዝኩ። የማታ ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን፣ የሚያስጨንቃችሁን ነገር ጻፉት፣ ወረቀት አይሰለቸውም ይሉን ነበር። የኔ እጅ ግን ቀርፋፋ ነው። አንድ መስመር ጽፌ ሳልጨርስ ሐሳቤ ብዙ ቦታ ደርሶ ይመለሳል።

ልጄ ሞቷል። ጽፌ ሳየው የሌላ ሰው ልጅ ይመስለኛል።

የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ለልምምድ ወጥቶ፣ ከደመናው ውስጥ አጋድሎ ወጣና ሳያቃናው መሬት ገባ አሉኝ። የነገሩኝ ኮሎኔሉ ናቸው፤ አለቃው። ይቀመጡ ብላቸው እንቢ ብለው ቆመው ነገሩኝ፣ እኔም ቆሜ ሰማሁ። እጄ ላይ የሱ የበረራ ቱታ ነበር፤ ዚፑን ቀይሬለት መጨረሴ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች አደርጋለሁ። እንደማይነክስ አየሁ። ልጇ ሞተ ሲሏት ዚፕ የምትሞክር እናት ምን ዓይነት እናት ናት።

የካቲት 5

ጓደኞቹ መጡ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የብዙዎቹ ቱታ በኔ እጅ ያልፋል። የተቀደደ ኪስ፣ የላላ አርማ፣ እንቢ ያለ ዚፕ። ቤቱን ያውቁታል። ዛሬ ግን በሩ ላይ እንደ ባዳ ቆሙ።

"ግቡ እንጂ፣ ቆማችሁ ልትቀሩ ነው?" አልኳቸው።

ረጅሙን ጠበቃው ይሉታል። ፀሐይ በየት ትወጣለች ብትለው ይከራከርሃል። ወፈር ያለውን ደግሞ ቁርስ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ቀን የበላውን ቁርስ አስተማሪው አውልቆ ባስቀመጠው ቆብ ውስጥ መለሰው። ሲወርዱ አስተማሪው ቆቡን እንደያዘ አስረክቦት፣ "ለምሳ የራስህን ቆብ ይዘህ ና" አለው። ይህን ድሮም ሰምቼዋለሁ።

"የልጄስ ቅጽል ስም ማን ነበር?" አልኩ።

ተያዩ። "ፍሬን" አለ ቁርስ ቀስ ብሎ።

ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያርፍ ፍሬኑን እንዴት እንደረገጠው አይታወቅም፣ ሁለቱንም ጎማ አፈነዳቸው። በነጋታው ጎማዎቹን የምግብ አዳራሹ በር ላይ እንደ ቀብር የአበባ ጉንጉን አድርገው ሰቀሏቸው።

"ጽሑፍም ነበረው" አለ ጠበቃው እየሳቀ። "በወጣትነታቸው ለተቀጩት..."

አልጨረሰውም። ቁርስ የሻይ ብርጭቆውን አገላብጦ ማየት ጀመረ፣ ጠበቃውም የሚከራከርበት ነገር አጣ።

"ጨርሰው" አልኩት። "ለጎማ አይደል የተጻፈው?"

ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት ፍሬን ሲባል ኖሮ እኔ አላውቅም። እንግዲህ ሁለት ልጅ ነበረኝ ማለት ነው። አንደኛው እነሱ ዘንድ ነው ያለው።

የካቲት 8

ዛሬም መጡ። ዳቦ ይዘው። ወንበር ጎደለ፣ ቁርስ የልብስ ስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲስቁ ቤቱ ይሞቃል። ሲሄዱ ይቀዘቅዛል። ብዙ አልጽፍም፣ ደክሞኛል።

የካቲት 12

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ወሬውን የጀመረው ጠበቃው ነው። በየዓመቱ የአየር ኃይሉ ሐኪም ይመረምራቸዋል። እሱ ካላለፋቸው ከሰማይ ወርደው ወረቀት ጠባቂ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ከጠላት ይልቅ የሚፈሩት ዶክተሩን ነው። ጉንፋን ቢይዛቸው አይነግሩትም። ካገዳቸው የበረራ ሰዓታቸው ይጎድላል፣ ሰዓት ከጎደለ ማዕረግም ኮርስም ለሌላው ያልፋል።

"የጆሮ መመርመሪያው ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል፣ እማማ" አለ ጠበቃው። "ዶክተሩ ከኋላችን ይቆምና አንዱን ጆሯችንን አስይዞ በሹክሹክታ ቃል ይናገራል። እኛ እንደግማለን። ሰውየው ደግሞ ከዓመት ዓመት ያው ሦስት ቃል ነው ያለው። ዝናብ፣ ብርቱካን፣ አርባ አራት። አዲስ አብራሪ ሲመጣ ከአውሮፕላኑ በፊት የምናስተምረው እሱን ነው።"

"የፍሬንን ንገራቸው" አለ ቁርስ።

"ፍሬን ገባ። ዶክተሩ ዝናብ አለ፣ እሱም ዝናብ አለ። ከዚያ ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረግ ሲያደርግ፣ ፍሬን ብርቱካን ብሎ አምባረቀ። ዶክተሩ፣ ኧረ እኔ ገና ምንም አላልኩም ቢለው..."

"ርቦኝ ነው ዶክተር!" አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ዶክተሩ እንባው እስኪፈስ ስቆ ማኅተሙን መታለት አሉ። እኔም ሳቅኩ። አፌን በእጄ ይዤ ሳቅኩ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ልክ እሱን ነው፤ ከልጅነቱም መልስ አያጣም ነበር። በር ድረስ ስሸኛቸው ሳቁ ገና ፊቴ ላይ ነበር።

ብርጭቆዎቹን ሳጥብ ነው እጄ የቆመው። ውሃው ይፈሳል፣ እኔ ቆሜያለሁ። የሚሰማ ሰው እስኪነገረው ይጠብቃል።

የካቲት 13

መስፋት አልቻልኩም። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ።

ዝናብ። ብርቱካን። አርባ አራት።

ቀልድ ነው። ሁሉም ይሸመድዱታል፣ ሁሉም ደኅና ናቸው። ቀልድ ነው ብያለሁ።

የካቲት 16

ልጄ ቴሌቪዥኑን ያስጮኽብኝ ነበር። ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ። ቀንስ ስለው፣ "እማ፣ ቀን ሙሉ ሞተር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጮኽ ውሎ ዝም ያለ ነገር ያስጠላኛል" ይለኛል። ስንበላ ሁልጊዜ በስተግራዬ ይቀመጥ ነበር፣ እኔ በቀኙ እንድሆን። በሩን ለማየት ይመስለኝ ነበር። ወታደር በር ማየት ይወዳል እላለሁ።

ደግሞ ያን ጠዋት። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኘሁት። በጎኑ ተኝቶ ሁለት እጁን ሲሚንቶው ላይ ለጥፏል፣ ወለሉ ያመልጠው ይመስል። "ዞረብኝ" አለ። ሞቅ ያለ ፎጣ ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ። "ጉንፋን ነው እማ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ያስቀሩኛል።"

"ለማን እነግራለሁ?" አልኩት።

ቁርሱን በልቶ ሄደ። ጉንፋን ነው ስላለኝ ነው። እናት ሐኪም አይደለችም። በዚያ ሰሞን የሠርግ ልብስ ነበረብኝ፣ የሙሽሪት ቤተሰብ ቶሎ ቶሎ ይሉኝ ነበር። እናት ሐኪም አይደለችም።

የካቲት 20

ዛሬ ቁርስ ብቻውን መጣ። የትከሻው ስፌት ተተርትሮ ነበር። ስፌት መኪናዬ ፊት አቀርቅሬ፣ "ሻይ ላድርግልህ?" አልኩት። ዝም። "ሻይ" አልኩ ጮክ ብዬ። ዝም አለ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለውን የልጄን ፎቶ እያየ ነው። እኔ ያለሁት በቀኙ ነው። ተነሥቼ በሌላው ጎኑ አልፌ በቀስታ፣ "ስኳር ስንት?" አልኩት።

"ሁለት፣ እማማ" አለ ወዲያው።

ሻዩን ጠጥቶ ሲነሣ ጠረጴዛውን ያዘ። የከዳው እግሩ ሳይሆን ዓይኑ ነው። ክፍሉ ተመልሶ እስኪቆምለት ጠበቀ።

"ልጄ፣ ይዞርብሃል?"

"መዞርማ ሥራችን አይደል?" ብሎ ሳቀ። "ሰማይ ላይ ተገልብጠን እየዋልን መሬት ላይ ቢዞርብን ምን ይገርማል? ጉንፋን ይዞኝ በርሬ ጆሮዬን ነካክቶኝ ነው። ያልፋል። ፍሬንም ያልፋል ይለኝ ነበር።"

"ለአንተ ነግሮህ ነበር?"

መልስ አልሰጠኝም። በሚሰማው በኩል ነው የጠየቅኩት።

ስለዚህ ያውቁ ነበር። እዚህ ተቀምጠው ዳቦ ሲቆርሱ፣ ሲያስቁኝ፣ ያውቁ ነበር። መቆጣት ፈለግኩ፣ የሚቆጣው ሰውነቴ አልገኝ አለኝ። የሠራሁለትን ትከሻ ለበሰና እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፣ "ክንፌን ቀጠሉልኝ" አለ።

ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ መውለጃዋ ሊደርስ ነው። የሚኖሩት አየር ኃይሉ በሰጠው ቤት ነው። ለአዲሱ አውሮፕላን ኮርስ ስሙ ወጥቶለታል፤ ከዚያ ሲመለስ ሻለቃ ይሆናል። የሚቀረው የዶክተሩ ምርመራ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ በደስታ ነው።

የካቲት 23

ኮሎኔሉ አስጠሩኝ። አውሮፕላኑ ላይ ችግር አልተገኘም አሉ። "አጣሪዎቹ ሌላውን ገና እያዩ ነው" አሉ። ሌላው ምንድነው አላልኩም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት መካኒኮች ነበሩ። አላዩኝም።

"ማሽኑ ንጹሕ ከሆነማ ልጁ ነዋ" አለ አንዱ።

"ተው፣ የሞተ ሰው አይወቀስም።"

"እኔ ግን ተወቀስኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሌባ ዓይን ነው ያዩኝ።"

ልክ ነው። ሰውየውም እናት አለችው።

የካቲት 26

ዛሬ እኔ ቤት ተለማመዱ።

ጠበቃው ዶክተር ሆነ። የመስፊያ ሜትሬን አንገቱ ላይ እንደ ማዳመጫ አንጠለጠለ። ቁርስን አስቀምጦ ግራ ጆሮውን አስያዘው፣ ከኋላው ቆመ።

"ዝናብ" አለ በሹክሹክታ።

ቁርስ አልመለሰም። ጠበቃው በጉልበቱ ወንበሩን ነካ አደረገለት። "ዝናብ" አለ ቁርስ።

"እንደዚህ አይሆንም፣ ዶክተሩ ወንበር አይነካልህም። መተንፈሱን ቁጠር። እሱ ቃሉን ከማለቱ በፊት ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ መብራቱ ስለሚጋረድ ጥላው ጉልበትህ ላይ ይወድቃል። ጥላው ሲወድቅ አንድ፣ ሁለት በልና መልስ። ፍሬን እኮ የተበላሸበት ስለቸኮለ ነው።"

ደገሙት። ደጋገሙት። በመጨረሻ ቁርስ ሦስቱንም ያለ ስሕተት አለፈ። ጠበቃው እጁን ጨብጦ፣ "ብቁ። የሚቀጥለው ይግባ" አለ። ሁለቱም ወደኔ ዞረው እንድስቅ ጠበቁ።

ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ። ሁለቱም ልጆች ናቸው፣ እርስ በርስ ይዋደዳሉ። ይህን ያህል የሚለፋለት ጓደኛ ያለው ሰው ስንቱ ነው? ልጄንም እንደዚህ አስቀምጦ ያለማመደው ሰው አለ። ምናልባት ቁርስ ነው። ምናልባት በፍቅር።

የካቲት 27

ብናገር እንጀራውን አሳጣዋለሁ፣ ቤቱንም። ሚስቱ በዚያ ሆዷ ዕቃ ልታሥር ነው።

ብናገር እነዚህ ልጆች ዳግም እዚህ ቤት አይረግጡም። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፣ ግን እውነቱ እሱ ነው፣ ከሁሉ በላይ ይህ ነው የያዘኝ። እኔ የማውቀው ልጄ አልጋው ላይ፣ ፎቶው ላይ አለ። ፍሬን የሚባለው ግን እነሱ አፍ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። እነሱ ሲቀሩ እሱ ይሞታል። አንዴ ቀብሬያለሁ።

ዝም ብልስ? ሚስቱን ገበያ አግኝቻት ነበር። "እማማ፣ ለሕፃኑ ልብስ ይሰፉልኛል አይደል?" አለችኝ። ኮሎኔሉ እሷ በር ላይ ቆመው በሐሳቤ ታዩኝ። ይቀመጡ ስትላቸው እንቢ ሲሉ።

የመጋቢት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። የልጄን ቱታ ለመመለስ ብዬ ነው የገባሁት። ዘበኛው ስለሚያውቀኝ አልፈተሸኝም።

ዶክተሩ ጸጉሩ የሸበተ፣ ትሁት ሰው ነው። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ልጄ አነሣ። "ከሁሉም ቀልደኛው እሱ ነበር" አለኝ። "አንድ ጊዜ ስመረምረው..."

"አውቃለሁ" አልኩት። "ርቦኝ ነው ብሎዎታል።"

ፈገግ አለ።

"ዶክተር፣ ቃላቱን ይቀይሩ።"

"የትኞቹን ቃላት፣ እናቴ?"

"ዝናብ፣ ብርቱካን፣ አርባ አራት።"

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፣ ፊቱ ላይ ቀርቶ የሚሄድበት አጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማን ነገረዎት አላለም። የማንንም ስም አልጠራሁም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

"እኔ እኮ..." አለ። "ማሽኑ እንዲጠገን ደጋግሜ ጽፌያለሁ።"

"ይጽፋሉ" አልኩት። ልወቅሰው አልሄድኩም። የልጄን ቱታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ስወጣ ጠበቃው በግቢው በኩል ሲያልፍ አየኝ። እጁን አውለበለበልኝ።

መጋቢት 7

ጠበቃው መጣ። ብቻውን። ቆቡን አላወለቀም።

"ዶክተሩ ቃላቱን ቀየረ" አለ።

ቁርስ ተቀመጠ፣ ጥላው ጉልበቱ ላይ ወደቀ፣ አንድ ሁለት ብሎ ዝናብ አለ። ዶክተሩ ያለው መስኮት ነበር። ጥላው እንደገና ወደቀ፣ ብርቱካን አለ። ዶክተሩ ያለው ዘጠኝ ነበር። ለሦስተኛው ዶክተሩ ምንም ሳይል ዝም ብሎ ጎንበስ አለ፤ ቁርስ፣ አርባ አራት ብሎ እንደጨረሰ ፈገግ አለ። ዶክተሩ ትከሻውን ሲነካው ዘለለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሲተርክ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አተራረኩ እንኳን ያው ነው፣ ማቆም አልቻለበትም።

"እማማ፣ ማክሰኞ ለታ ክሊኒክ ምን ሊሠሩ ሄደው ነበር?"

"ልነግረው ሄጄ ነው።"

እየጠበቅኩት ነበር፣ አልጮኸም። "እኛ እርስዎን እንደ እናት አይተን ነው ፊትዎ ያወራነው።"

"እናት ሆኜ ነው የሰማሁት።"

"ሰውየው በረራ ብቻ ነው የሚያውቀው። ኑሮውን አፈረሱት። ምናልባት ምንም አይሆን ነበር እኮ። ስንቱ በአንድ ጆሮ በርሮ ጡረታ ወጥቷል።"

"ስንቱ ነው?"

ጠበቃው ነው፣ ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ፎቶው ላይ አረፈ። ወጣ። ለስፌት የሰጠኝን ቱታ ይዞ ሄደ፣ አንዱ እጅጌ ገና ሳይገጠም።

መጋቢት 9

ማንም አልመጣም።

መጋቢት 13

ማንም። ዳቦ ለብዙ ሰው ገዝቼ ደረቀ። ሁለት አውሮፕላን ከቤቱ በላይ አለፉ፣ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንቀጫቀጩ። ወጥቼ አላየሁም። ከድሮው የሚለየው፣ ዛሬ ከነዚያ በአንደኛው ውስጥ ቁርስ እንደሌለ ማወቄ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታ የሚመስል ነገር ፈልጌ አጣሁ።

የሕፃን ልብስ ቆርጬ ጀመርኩ። ማን እንደሚወስደው አላውቅም።

መጋቢት 24

ቁርስ መጣ። በሩ ሲንኳኳ ደንበኛ መስሎኝ ነበር። የሲቪል ልብስ ለብሷል፣ ከስቷል።

"አልቆይም" አለና ተቀመጠ። እኔም ተመልሼ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ፣ እጄን የማደርግበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ።

"የት መደቡህ?"

"ንብረት ክፍል። ጎማ አወጣለሁ፣ ጎማ አስገባለሁ። ፍሬን ያፈነዳቸው በማን ፊርማ እንደወጡ አሁን አየሁ። ምስኪን ሰውዬ።" ትንሽ ሳቀ፣ እኔም። ሁለታችንም ቶሎ አቆምን።

ቤቱን ለጊዜው አላስለቀቋቸውም። ከተማ ሆስፒታል ሄዶ የጆሮው ውስጥ ተጎድቷል ብለውታል፤ መኪና እንኳን እንዳይነዳ ከልክለውታል። ጠበቃው በሱ ቦታ ለኮርሱ ሊሄድ ነው። ስሙ ሲወጣ አላለቀሰም፣ አልሳቀም፣ አልተከራከረም አለኝ።

"ሚስቴ ትመርቅዎታለች" አለ። "እኔ ግን ገና ነኝ፣ እማማ። አልዋሽዎትም። ጠዋት ስነሣ ገና እረግምዎታለሁ።"

"እሺ" አልኩት።

"ሌሎቹ አይመጡም።"

"አውቃለሁ።"

ዳቦና እንቁላል አቀረብኩለት። ግማሹን በላ። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። እኔን ትከሻዬን እየሰፉ፣ አንድ ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ውስጥ አወቁብኝ። በየትኛው ጆሮዬ እንደምሰማ ሳይቀር። እሱ እኮ የኖረው እዚህ ቤት ነው።"

የክፋት አጠያየቅ አልነበረም። ልጁ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው፤ እሱም ራሱን የሚጠይቀው ያንኑ መሰለኝ።

የስፌት መኪናውን አቆምኩ። መልሱን ነገርኩት። አጭር ነበር፣ ድምፄ ግን አልወጣልኝም፣ ለራሴ እንደማወራ ሆነ። ደግሞ የተቀመጥኩት በቀኙ ነው።

"ምን አሉኝ? አልሰማሁም።"

እዚያው ሊቀር ይችል ነበር። ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ምንም አላልኩም ብለው ደግሞ አይጠይቀኝም ነበር። ሳህኑን አነሣለሁ፣ እሱ ይሄዳል፣ ያበቃል።

ተነሣሁ። ወንበሬን ይዤ በጀርባው ዞርኩና በግራው በኩል አስቀመጥኩት። ተቀመጥኩ። ከዚያ ደግሜ ነገርኩት፦ "አይቼ ነበር። ጉንፋን ነው ሲለኝ ማመን ቀለለኝ።"